ራዝቤሪ፣ ባለ ብዙ ሥራው ፍሬ

የበሰለ ራዝቤሪ ሲለቀም እምብርቱን ተክሉ ላይ ትቶ ይመጣል። እጅ ላይ የሚቀረው ጥቃቅን ፍሬዎች ተቃቅፈው የሠሩት፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቆብ ነው። የእኛው የዱር እንጆሪም ዘመዱ ነው።

እንግሊዞች ግን ስሙን ለሌላም ይጠቀሙበታል። ምላስን በከንፈር መሃል አውጥቶ «ብርርር» እያሉ ማሾፍም ራዝቤሪ ነው። ነገሩ ኮክኒ የሚባሉት የለንደን ነዋሪዎች የቃላት ጨዋታ ነው፤ «ራዝቤሪ ታርት» የተባለው ኬክ በቋንቋቸው ከፈስ ጋር ቤት ስለሚመታ በምትኩ ይጠሩታል። (ይቅርታ፣ በጨዋ ቃል ማለፍ አልተቻለም።) አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1981 ጀምሮ ለዓመቱ መናኛ ፊልሞች «ወርቃማ ራዝቤሪ» ይሸለማል። ተሸላሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ድርሽ አይሉም። ተዋናይቷ ሃሊ ቤሪ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 «ካትዉማን» በተሰኘው ፊልም ስትመረጥ ኦስካሯን ጭምር ይዛ መድረክ ላይ ወጣች። ወይ ጀግንነት!

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ራዝቤሪ ፓይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከካምብሪጅ በ35 ዶላር ዋጋ የወጣ፣ የባንክ ካርድ የሚያህል ኮምፒውተር። ልጆች ኮድ መጻፍ እንዲማሩበት ታስቦ ተሠራ። ሽፋን እንኳ የለውም፤ ቺፑም መሰኪያውም ፊት ለፊት ይታያል። ኪቦርድ፣ ቴሌቪዥን፣ ሜሞሪ ካርድና ኤሌክትሪክ ከተገኘ ሥራ ይጀምራል፤ ልጅ ቢያበላሸውም ቤት አይታመስም።