ከአፍ መፍታት እስከ ፊደል መቁጠር

አማርኛ፣ ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይላል፤ ሰው በእናቱ ጭን ላይ ሳለ የሰማውንም ልሳን «አፍ መፍቻ ቋንቋ» ብሎ ይጠራዋል። ይህን አነጋገር ያወረሱን አበውና እማት ስለ ሕፃናት ጠባይ የተጻፈ መጽሐፍ ባይተዉልንም፣ ንግግር በልጁ ውስጥ ታስሮ የተቀመጠ ጸጋ መሆኑንና የሚፈታውም በዙሪያው ያለ ሰው ድምፅ መሆኑን በሁለት ቃል ነግረውናል። እኔም በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የወሎ ቦረና ደጋዎች፣ ሕፃናትን ፊደል በማስቆጠር ሥራ ላይ ፀጉሬ እስኪሸብት ከቆየሁ በኋላ፣ ለሙያዬ ከዚህ የጠለቀ መመሪያ አላገኘሁም።

በወጣትነቴ እንዲህ አላስብም ነበር። ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ሀሁ ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ኋላም በዘመናዊው የመምህራን ማሠልጠኛ ተምሬ ስወጣ፣ ሥራዬ ከ«ሀ» የሚጀምር፣ በ7 ዓመቱ ወደ ክፍሌ የሚገባውም ልጅ ምንም ያልተጻፈበት ብራና ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በአንድ ወንበር ላይ ከተቀመጡ፣ አንድ ገበታ ከሚያዩና አንድ መምህር ከሚሰሙ ሁለት ልጆች አንደኛው በጥቂት ወራት ሲያነብ ሁለተኛው ለምን ዓመት ሙሉ እንደሚደናቀፍ ስመረምር፣ ልዩነቱ እኔ ካላየኋቸው ዓመታት፣ ከምድጃው ዳርና ከእናት ጀርባ እንደሚመጣ ተረዳሁ። በማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ፣ ጌታችን መስማትና አጥርቶ መናገር የተሳነውን ሰው «ኤፍታህ» ብሎ በፈወሰው ጊዜ፣ አስቀድመው የተከፈቱት ጆሮዎቹ ናቸው፤ የምላሱ እስራት የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ምንባብ በቤተ ክርስቲያን ስንት ጊዜ ሰምቼው ሳለ ሥርዓቱን ያስተዋልሁት ግን በክፍሌ ውስጥ ነው፤ እዝን ይቀድማል፣ ልሳን ይከተላል፣ ዓይን በመጨረሻ ወደ ፊደሉ ይመጣል።

የእዝን ትምህርት የሚጀመረው ከልደት በፊት ነው። ጽንሱ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት የእናቱን ድምፅ ይሰማል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ዲካስፐርና ፋይፈር የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት ባደረጉት ምርመራ፣ ከተወለዱ ገና 3 ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይተው እርሱን ለመስማት አጠባባቸውን ይለውጡ ነበር። ከ4 ዓመት በኋላም ጃኔት ዌርከርና ሪቻርድ ቲስ በካናዳ እንዳሳዩት፣ ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ሕፃን በቤቱ የማይነገረውን የባዕድ ቋንቋ ድምፅ ሳይቀር ለይቶ ይሰማል፤ ዓመት ሲሞላው ግን ጆሮው ለቤቱ ቋንቋ የማያስፈልገውን እየተወ፣ የሚያስፈልገውን አጥብቆ ይይዛል። እንግዲህ በጉሮሮ ተይዘው የሚፈነዱትን ጠንና ጨን፣ ቀንና ጸን፣ የውጭ አገር ሰው በጎልማሳነቱ ሲማራቸው የሚያልቡትን እነዚህን ድምፆች፣ የቦረና ሕፃን ዳዴ በሚልበት ጊዜ ከተና ከቸ፣ ከከና ከሰ የሚለይ ጆሮ አዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ አፉ የሚያወጣቸው ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በ6ኛው ወይም በ7ኛው ወር ላይ ልጁ «ማማማ፣ ባባባ፣ ዳዳዳ» ማለት ይጀምራል። ብዙ ሰው ይህን ከንቱ ጫወታ አድርጎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ፊደል አስቆጣሪ ነኝና እደነቃለሁ፤ ሕፃኑ የሚናገረው በራብዕ ነውና። እኛ ገበታውን ከግዕዝ ጀምረን በካዕብና በሣልስ አድርገን ወደ ራብዕ እንወርዳለን፤ ተፈጥሮ ግን ከራብዕ ትነሣለች። የፊደላችን ባለቤቶችም አንዱን ተነባቢ ከአንድ አናባቢ ጋር በአንድ ምልክት ሲያዋሕዱ፣ የሕፃን አፍ አስቀድሞ የሚያወጣውን ያንኑ ቁራጭ ድምፅ ነው የጻፉት። በአማርኛ የሀሁ ራስ የሆነው «ሀ» እና የአቡጊዳ ራስ የሆነው «አ» ሁለቱም በግዕዝ ተጽፈው እንደ ራብዕ መጠራታቸው የዘመን ለውጥ ያመጣው ቢሆንም፣ ልጁ ወደ ትምህርት በሚገባባቸው በሁለቱ በሮች ላይ በጨቅላነቱ ያወቀውን ድምፅ ቆሞ ማግኘቱ ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል።

ዓመት በሚሞላው ጊዜ፣ ጎረቤት ሁሉ «ወፌ ቆመች» እያለ በሚያጨበጭብበት በዚያው ሰሞን፣ ልጁ የመጀመሪያ ቃሉን ይናገራል። ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር የሚመልስለት ሰው ማግኘቱ ነው። አንድ ቀን በጎረቤቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ አንድ ዓመት ተኩል የሆነው የልጅ ልጃቸው ወደ ጀበናው እያመለከተ «ቡ!» አለ። አያቱም እጁን ያዝ አድርገው «ቡና፤ አዎ፣ ቡና ነው! ጀበናው ፈላ፤ ይፋጃል፤ እንዳትነካው አባዬ» አሉት። በአንዲት ካዕብ ለተናገራቸው ልጅ ሙሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መለሱለት፤ አላረሙትም፣ አልሳቁበትም፣ ቃሉን ተቀብለው አሳድገው ሰጡት። እርሱ ግን ጀበናውን ነክቶ አለቀሰ፤ እርሳቸውም ጣቱን እፍ እያሉ «አብሽር፣ አብሽር» እያሉ አባበሉት። ከጥቂት ቀን በኋላ ያው ልጅ ከደጃፍ የወደቀችውን ግልገል እየዳበሰ «አቢሽ፣ አቢሽ» ሲላት ሰማሁት። ቃሉን ከነኅዘኔታው፣ ከነቦታው ነበር የወሰደው። ይህን አያቲቱ ያደረጉትን የትኛውም የማስተማሪያ መሣሪያ አይተካውም።

በ2 ዓመቱ ልጁ ሁለት ቃል ያጋጥማል፤ «እማ ነይ»፣ «ውሃ ስጪ» ይላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሕፃን አባቱንም «ስጪኝ» ሲል ይሰማል፤ ለመለመን የሚያገለግለውን ቃል የተማረው ከእናቱ ጋር ነውና። እናቶቻችንም ወንዱን በፍቅር «አንቺ»፣ ሴቲቱን «አንተ» እያሉ ስለሚያቆላምጡ ነገሩ የበለጠ የሚወሳሰብ ይመስላል፤ ሆኖም ልጁ 4 ዓመት ገደማ ሲሆነው አንተንና አንቺን በየቦታቸው አድርጎ፣ ለታላላቆች ደግሞ አንቱታን ጨምሮ ይናገራል። ማንም ሰዋስው ሳያስተምረው ግስን በጾታ፣ በቁጥርና በክብር ማርባት የቻለውን አእምሮ፣ እኔ ኋላ ተቀብዬ «ምንም የማያውቅ» ብለው በፈጣሪ ፊት በደል ይሆንብኛል።

ልጆች ሁሉ እኩል አይራመዱም፤ ጥቂት ወር መዘግየት አያስደነግጥም። ነገር ግን ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ2 ዓመት ተኩል ሁለት ቃል የማያጋጥም፣ ወይም በ3 ዓመቱ ንግግሩ ከቤተ ሰቡ በቀር ለማንም የማይገባ ልጅ፣ «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። አስቀድሞ የሚመረመረው ጆሮው ነው፤ ለወራት የሚመግል ጆሮ፣ ኩፍኝና ማጅራት ገትር በዝምታ መስማትን ይሰርቃሉና። ይህን የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። በኋላ ወንበር ትቀመጥ የነበረችን አንዲት ልጅ ወራት ሙሉ ሰነፍ አድርጌ ቆጥሬያት ነበር፤ አንድ ቀን ፊቴን ወደ እርሷ መልሼ ስናገር የጠየቅኋትን ሁሉ እንደምትመልስ፣ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስናገር ግን ዝም እንደምትል አስተዋልሁ። ከከንፈሬ ነበር የምታነበው። ወንበሯን ወደ ፊት አምጥቼ፣ ወላጆቿም ወደ ሕክምና ከወሰዷት በኋላ ያሳየችው እድገት እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል። ፈጽሞ መስማት ለተሳነውም ሕፃን መንገዱ አልተዘጋም፤ የምልክት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት ያለ ሕፃን ሌላው ልጅ «ባባባ» በሚልበት ወራት በጣቶቹ ይንተባተባል፤ ቋንቋ ካገኘ በእጁም አፉን ይፈታል።

ከ4 ዓመት በኋላ የተረትና የእንቆቅልሽ ዘመን ይመጣል። ማታ በእሳት ዳር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስ፣ መልሱም ሲጠፋው አገር ስጠኝ ተብሎ ወግዲን፣ ከላላን፣ ሳይንትን፣ በመጨረሻም ደሴን የሚሰጥ ልጅ፣ እየተጫወተ ቃል ከቃል የሚገጥምበትን የድምፅ ጅራት ይለያል፤ አንዱ ነገር በሌላው ሲመሰል ያስተውላል፤ የተነገረውንም እስከ መጨረሻው በልቡ ይይዛል። ለ42 ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት የነገሩት አባባ ተስፋዬ ሣህሉም በየቤቱ የነበረውን ይህንኑ ምድጃ ነበር ወደ መስኮቱ ያመጡት።

እንግዲህ ልጁ በዚህ ሁሉ አልፎ ወደ ገበታው ሲቀርብ የእኔ ተራ ይደርሳል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው በየአገሩ ባሰራጩት ዓይነት የፊደል ገበታ ላይ፣ በእጁ ስንደዶ ይዞ፣ 33ቱን ፊደላት በ7 በ7 እያባዛ 231ዱን ሆሄ በዜማ ይቆጥራል። ዜማው ግን መምህሩን ያታልላል። ልጁ እንደ ውሃ ሲያወርደው ሰምቼ ተደስቼ፣ ስንደዶውን ከመካከል በ«ጌ» ላይ ባቆምሁት ጊዜ፣ ከመስመሩ ራስ ተነሥቶ በለሆሳስ «ገ ጉ ጊ ጋ» እያለ ካልደረሰባት በቀር የማያውቃት ስንቱን አይቻለሁ፤ ምላሱ ቆጥሯል፣ ዓይኑ ግን አላየም። የጥንት መምህራን ይህን ያወቁ ይመስላል፣ በአቡጊዳም አስቆጠሩ፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ብለው ፊደሉንም ድምፁንም በአንድ ጊዜ እየለወጡ የዜማውን ሰንሰለት በጠሱትና ዓይን ብቻውን እንዲመሰክር አስገደዱት። ፒተር ዳንኤልስ የተባለው የአሜሪካ የጽሕፈት ሊቅ በ1990 እ.ኤ.አ. የእኛንና የሕንድን የመሳሰሉትን ጽሕፈቶች የሚጠራበት የወል ስም ሲሻ «አቡጊዳ» የሚለውን ቃል ወስዷል፤ የየኔታ ጎጆ ለዓለም ትምህርት ያዋጣችው ቃል ነው።

ፊደል የለየ ልጅ ግን ገና አላነበበም። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። አንድ ጊዜ በሰሌዳው ላይ «የመንደራችን ሰፊ ሰፊ ቤት አለው» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ልጅ ተነሥቶ ሁለቱንም አላልቶ አነበበ፤ ቆም አለ፤ ግንባሩን ቋጠረ፤ ከዚያም ፊቱ በርቶ፣ የፊተኛውን እንዳላላ፣ የኋለኛውን አጥብቆ፣ ልብስ ሰፊው ትልቅ ቤት እንዳለው አድርጎ መለሰው። ይህን ያረመለት ፊደሉ አይደለም፤ በሁለቱም ቦታ ፊደሉ አንድ ነውና። ያረመለት በቤቱ የሰማው ንግግር ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያነበበው፣ ቀኑን ሙሉ ከከብት ጋር ብቻውን የሚውል ልጅ፣ አንድም ፊደል ሳይስት ሁለቱንም አላልቶ ጨርሶ ተቀመጠ፤ ምን እንዳነበበ ስጠይቀው ግን አላወቀም። በቤተ ክርስቲያንም ትምህርት ልጁ የዮሐንስን መልእክት በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ሲመላለስበት፣ ተነሹንና ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን አነባበብ ከየኔታ አፍ በጆሮው ይቀበል የነበረው፣ ብራናው የማይናገረውን ድምፅ ጆሮ እንዲሞላው ነው። በቁርኣን ቤትም ደረሳው በሉሑ ላይ የተጻፈለትን ከሼኹ አፍ እየሰማ ይቀራል፤ በወሎ ሁለቱ ቤቶች በዚህ ነገር አንድ ናቸው።

በ2002 ዓ.ም. በ8 ክልሎችና በ6 ቋንቋዎች የተደረገ የንባብ ምርመራ፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ለዚህ የመጻሕፍት እጥረትና የክፍል መጨናነቅ ድርሻ አላቸው፤ ከልጁ ጋር የማይነጋገር ቤትም የራሱ ድርሻ አለው። እኛ በመቅደላ አምባ አቅራቢያ የምንኖር ሰዎች፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሰብስበዋቸው በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ስለ ወሰዷቸውና 350 ያህሉ በለንደን ስለሚገኙት የብራና መጻሕፍት ስናዝን ኖረናል፤ ኀዘኑም ተገቢ ነው። ነገር ግን መጽሐፍ የሚመለሰው ወደሚያነበው ሰው ነው፤ ያ ሰውም ዛሬ በየቤታችን ዳዴ እያለ ነው።

ስለዚህ እናትና አባት፣ አያትና ጎረቤት ሁሉ ይህን እለምናችኋለሁ። ልጁን ለማናገር ትምህርት ቤት የገባችሁ መሆን አያስፈልጋችሁም፤ እንጨት ስትለቅሙ የእንጨቱን፣ ወጥ ስትሠሩ የወጡን ስም ንገሩት፤ ሲኮላተፍ አትሳቁበት፤ ሲጠይቅ ዝም አታሰኙት። ዛሬ ማታ አንዲት ቃል ሲናገር ሁለት ጨምራችሁ መልሱለት። ፊደሉን እኔ አስቆጥረዋለሁ።