መጠቀስና መረጋገጥ፦ በይነ ዲሲፕሊናዊ ተግባራዊ ምርምርን በማጣቀሻ ቁጥር ስለ መመዘን

አንድን ጥናት በተጠቀሰበት ጊዜ ብዛት መመዘን በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የተለመደ አሠራር ሆኗል። የመምህራን የደረጃ ዕድገትና የምርምር በጀት በዚህ ቁጥር ላይ መደገፍ ሲጀምር ግን ቁጥሩ በእርግጥ ምን እንደሚለካ መጠየቅ ግድ ይላል። በተለይም ሁለትና ከዚያ በላይ የዕውቀት ዘርፎችን አጣምሮ ለኅብረተሰቡ ችግር መፍትሔ የሚሻ ምርምር በዚህ ሚዛን ሲቀመጥ ጉድለቱ ጎልቶ ይታያል።

ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የማጣቀሻ መዘርዝርን ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ተመራማሪው በቀደመ ጽሑፍ ላይ የተሰነዘረውን ትችት እንዲያውቅና የተሳሳተ ወይም ጊዜው ያለፈበት መረጃ ሳይመረመር እንዳይጠቀስ ማገዝን ዓላማው አድርጎ ነበር። ለአርአያነት የወሰደውም የአሜሪካ የሕግ ባለሙያዎች አንድ ፍርድ በኋላ መጽናቱን ወይም መሻሩን የሚከታተሉበትን፣ ከ1873 ጀምሮ የታወቀውን የሼፐርድ መዘርዝር ነው። ለመከታተያ የታሰበው መሣሪያ ውሎ አድሮ መቁጠሪያ ሆነ።

ለሐዲስ ጥናት ተማሪ ይህ ልዩነት እንግዳ አይደለም። ሙሐዲሶች የዘጋቢዎችን ብዛት አልናቁም፤ የሙተዋቲር ደረጃ የሚቆመው በብዛት ነው። ሆኖም በሰዎች አንደበት መታወቅን ከትክክለኛነት ጋር አላምታቱም። ኢማም አስ-ሰኻዊ (በ902 ዓ.ሂ. የሞቱ) «አል-መቃሲዱል ሐሰና»ን ያዘጋጁት በሕዝብ ዘንድ የተለመዱ ሐዲሶችን መርምረው ጽኑውን ከደካማው፣ እንዲሁም መሠረት ከሌለው ለመለየት ነው። እርግጥ ነው፣ ኢስናድ የዘገባ መተላለፊያ ሰንሰለት ሲሆን ማጣቀሻ ግን ሐሳብን የመጠቀሚያ መንገድ ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የሚጋሩት ጥያቄ ግን አለ፦ የጠቀሰው ማን ነው? ስለምንስ ጠቀሰው?

ከወለድ ነፃ ባንክን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 መመሪያ ካወጣና ዘምዘም ባንክ በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የሙራበሓ ውል ጥናት ፊቅህን፣ ሕግን፣ ሒሳብ አያያዝንና ኢኮኖሚክስን በአንድነት ይጠይቃል። የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ ባመዛኙ የቅርብ ዓመታት መጣጥፎችን ይጠቅሳል፤ የፊቅህ ተመራማሪ ደግሞ የዘመናት ኪታቦችን። ዓለም አቀፎቹ የመረጃ ቋቶች በእንግሊዝኛ መጽሔቶች ላይ ሲያተኩሩ መጻሕፍትንና የዐማርኛ ኅትመቶችን እምብዛም አያካትቱም። ስለዚህ ያው ጥናት ከኢኮኖሚክስ ጋር ሲነጻጸር ድሃ፣ ከሃይማኖት ጥናት ጋር ሲነጻጸር ባለጸጋ ሊመስል ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ጥናቱን አንብቦ የውል አንቀጽ የሚያሻሽል የሸሪዓ አማካሪ የግርጌ ማስታወሻ አይጽፍም። የጥናቱ ትልቁ ፍሬ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል።

ይህ ማለት ግን ትንተናው ይጣል ማለት አይደለም። ቁጥርን ትተን በባለሙያ ምስክርነት ብቻ ብንወሰን ለመተዋወቅና ለመወዳጀት በር እንከፍታለን፤ ሁለቱንም ዘርፍ የሚያውቅ ገምጋሚ ማግኘትም ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ ማጣቀሻ በአግባቡ ከተነበበ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። የሙራበሓ ጥናት በኢኮኖሚስቶች ብቻ ተጠቅሶ የፊቅህ ሰዎች ካልነኩት፣ ሸሪዓዊው ግማሽ ገና በባለቤቶቹ አልተፈተነም ማለት ነው። ድምሩ የሸፈነውን ክፍተት የጠቃሾቹ ማንነት ያጋልጠዋል።

በ2015 የወጣው የላይደን ማኒፌስቶም ቁጥር የባለሙያን ፍርድ እንዲደግፍ እንጂ እንዳይተካ፣ ለአካባቢ የሚጠቅም ምርምርም እንዲጠበቅ አሳስቧል። በእኛ አገር ይህ ምክር በተግባር ሊተረጎም የሚችለው ገምጋሚዎች ከድምሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ሲጠይቁ ነው፦ ጥናቱን ከየትኛው ዘርፍ ማን ጠቀሰው? ለማጽናት ነው፣ ለመንቀፍ ወይስ ለልማድ? በየትኛው ውል፣ ፈትዋ፣ መመሪያ ወይም ሥርዓተ ትምህርት ላይስ አሻራው ታየ? እነዚህ ሳይጠየቁ የሚሰጥ ነጥብ፣ ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ የሚጽፈውን ወጣት ተመራማሪ ከሚጠቅመው ሥራ ወደሚቆጠርለት ሥራ ይገፋዋል። ወላሁ አዕለም።