ድንጋዩ ተርፏል፣ ቤቱ ግን የለም

ካርታው ላይ የተቀየረው አንድ ቃል ነው። በሰሜን ዌልስ፣ ባላ ከተማ አቅራቢያ፣ ትሪዌሪን በሚባል ሸለቆ ውስጥ ካፔል ኬሊን የምትባል መንደር ነበረች። ዛሬ እዚያው ቦታ ሊን ኬሊን የሚባል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተኝቷል። በዌልሽ ቋንቋ «ካፔል» ማለት ጸሎት ቤት ነው፤ «ሊን» ደግሞ ሐይቅ። ጸሎት ቤቱ ወጣ፣ ሐይቁ ገባ።

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። የእንግሊዟ ሊቨርፑል ከተማ ውሃ ፈለገች። የዌልስ የአካባቢ አስተዳደሮችን ፈቃድ ከመጠየቅ ይልቅ ጉዳዩን በቀጥታ ለንደን ወዳለው ፓርላማ ወሰደችው፤ ሕጉም እ.ኤ.አ. በ1957 ጸደቀ። ከ36ቱ የዌልስ እንደራሴዎች አንድም ድጋፍ አልሰጠም። በ1965 ግድቡ ተመረቀ። ትምህርት ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱ፣ እርሻዎቹ፣ የሜቶዲስቶቹ ጸሎት ቤት፣ ሁሉም ጠፉ። ከመቃብሮቹ ጥቂቶቹ ተነሡ፣ በቀሩት ላይ ኮንክሪት ተደፋ።

በኋላ ሐይቁ ዳር የመታሰቢያ ጸሎት ቤት ተሠራ፤ ከፈረሰው ቤት የመጡ ድንጋዮችም ገቡበት። እኔ መተቸት የምፈልገው እሱን ነው። ፎቶው ላይ ያምራል፤ ችግሩ እዚያ አይደለም።

የዌልስ ጸሎት ቤት ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሆነ እንይ። ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን፣ ጌጥ የማያበዛ ቤት ነው። ዓይን የሚያርፈው መሠዊያ ላይ ሳይሆን ሰባኪው በሚቆምበት ከፍታ ላይ ነው። ከሥሩ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አድርገው የሚቀመጡበት «ትልቁ ወንበር» አለ። ቤቱ የተሠራው ለጆሮ ነው፦ ለስብከትና በአራት ድምፅ ለሚዘመር መዝሙር። በሰንበት ትምህርት ቤቱ ትልቅ ሰው ሳይቀር በገዛ ቋንቋው ማንበብ ይማርበት ነበር።

በሙያዬ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ በሙያዬ ቋንቋ ልናገር። ሰርቨሩን ነቅለህ ሌላ ክፍል ብታስቀምጠው ሲስተሙ ተረፈ አይባልም። የሚጠቀሙት ሰዎች ከተበተኑ የተረፈው ብረት ብቻ ነው። እዚህም የተረፈው ድንጋይ ነው።

«ባይሰጥምም ይዘጋ ነበር፤ ዌልስ ውስጥ ስንት ጸሎት ቤት ተዘግቶ መኖሪያና ሱቅ ሆኗል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን በርህን ራስህ መዝጋትና ሌላ ሰው መጥቶ ሲዘጋብህ አንድ አይደለም። የሊቨርፑል ምክር ቤትም በ2005 ይቅርታ ጠይቋል።

ለእኔ የተሻለው መታሰቢያ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከአበሪስትዊዝ ከተማ በስተደቡብ፣ መንገድ ዳር፣ አንድ የፈረሰ ቤት ግድግዳ አለ። በ1960ዎቹ ደራሲው ሜይክ ስቲቨንስ «ትሪዌሪንን አስታውሱ» ብሎ በቀለም ጻፈበት። የመጀመሪያው ጽሑፍ የሰዋስው ስህተት ነበረበት፤ በኋላ የቀቡት ሰዎች አረሙት። ስንት ጊዜ ተበላሽቶ ስንት ጊዜ እንደገና ተቀባ። በ2019 ከፊሉን ሲያፈርሱት ሰዎች መልሰው ገነቡት፣ ቅጂውም በዌልስ ግድግዳዎች ላይ ተዛመተ።

የሐይቁ ዳር ሕንፃ ከጎብኚው የሚፈልገው ዝምታ ነው። ዝምታ ደግሞ ለመዝሙር የተሠራ ቤትን አይመስልም። ግድግዳው ግን ቀለም የሚያነሳ እጅ ይፈልጋል። ሰው ቀለም ይዞ መሄዱን ያቆመ ዕለት ጽሑፉ ይጠፋል፤ እስካሁን አልቆመም።