ገንዳው ሲወጣ

በጅቡቲ ከተማ አሮጌውን የሴራሚክ ገንዳ አስነቅሎ በቦታው ወለል ላይ ሻወር የሚያሠራ ሰው ደስ ይለኛል። በሐምሌ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ማን ገንዳ ሞልቶ ይተኛል? የከተማዋ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ቧንቧ ይበላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሐዳጋላ፣ በቧንቧ መምጣት የጀመረው ውሃም የሚባክን አይደለም።

ወጪውን የሚያቀለው መውረጃውን ከቦታው አለማንቀሳቀስ ነው። ደህና የሆነው የግድግዳ ሴራሚክ ይቆያል፤ የገንዳው ስብርባሪ ከወለሉ ሥር ይሞላል። ከሁሉ የማደንቀው የሴራሚክ ሠራተኛውን እጅ ነው፦ ውሃ ልክ አስቀምጦ፣ ወለሉን በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲም ያህል ወደ መውረጃው ያዘቀዝቃል። ከዚያ አንድ ጆግ ውሃ ያፈስና ጥግ ጥጉን ጎንበስ ብሎ ያያል። ውሃ የቋጠረ ቦታ ካገኘ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ሴራሚኩን አንስቶ እንደገና ይለጥፋል።