ክልከላና ምርጫ በ«ደብል ኢንደምኒቲ» ፊልም

ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ በሆሊውድ ትላልቅ ስቱዲዮዎች ስለተሠሩ ፊልሞች ሲወሳ አንድ አባባል ደጋግሞ ይሰማል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «በእኛ አቆጣጠር» ከተባሉት በስተቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) የዚያ ዘመን ፊልም ሠሪዎች ሁሉን ነገር በግልጽ ማሳየት ስላልተፈቀደላቸው በጥቆማ መናገርን ተማሩ፤ በመሆኑም ሳንሱር ለኪነ ጥበቡ ባለውለታው ነው ይባላል። አባባሉ በፊልም ተመልካቾች ዘንድ ብቻ የሚቀር ሳይሆን ሥነ ጽሑፍንም የሚመለከት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ አባባል በ1944 በፓራማውንት ስቱዲዮ በተሠራው «ደብል ኢንደምኒቲ» ላይ መፈተን ነው። ርእሱን «እጥፍ ካሳ» ብለን ልንመልሰው እንችላለን።

በቅድሚያ ስለ ደንቡ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፊልም አምራቾች በ1930 የተቀበሉት የሥነ ምግባር ደንብ በጥብቅ ሥራ ላይ የዋለው ከ1934 ጀምሮ ነው። በጆሴፍ ብሪን ይመራ የነበረው ቢሮ የፊልሙን ጽሑፍ ከቀረጻ በፊት፣ ፊልሙንም ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ይመረምር ነበር። ቢሮው የመንግሥት አልነበረም፤ ያቋቋሙት ኩባንያዎቹ ራሳቸው ናቸው። ይሁንና ትላልቆቹ ስቱዲዮዎች የሲኒማ ቤቶችም ባለቤቶች ስለነበሩ የቢሮውን ፈቃድ ያላገኘ ፊልም ዋና ዋናዎቹን አዳራሾች አያገኝም ነበር። ከደንቡ አንቀጾች ውስጥ ለርእሳችን የሚጠቅሙን፦ ወንጀል ተመልካቹን የሚያባብል ሆኖ እንዳይቀርብ፣ የግድያ ስልት በዝርዝር እንዳይታይ፣ ዝሙት ማራኪ እንዳይመስል የሚሉት ናቸው። ደንቡ በ1968 በዕድሜ ደረጃ ምደባ እስኪተካ ድረስ ሥራ ላይ ቆይቷል።

የፊልሙ መነሻ ጄምስ ኤም. ኬን የጻፈው አጭር ልብ ወለድ ነው። በ1936 በ«ሊበርቲ» መጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ በ1943 ደግሞ በመጽሐፍ ታተመ። የብሪን ቢሮ ታሪኩ ለፊልም አይሆንም ብሎ አስቀድሞ ስለነበር ለዓመታት ሳይሠራ ቆየ። በመጨረሻ ቢሊ ዋይልደር በአዘጋጅነት ያዘውና ከልብ ወለድ ደራሲው ከሬይመንድ ቻንድለር ጋር የፊልሙን ጽሑፍ ጻፈ። የታሪኩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የመድን ሻጩ ዋልተር ኔፍ (ፍሬድ ማክመሪ) ከፊሊስ ዲትሪክሰን (ባርባራ ስታንዊክ) ጋር ይወዳጅና ባሏን ሳያውቅ የአደጋ መድን ውል ያስፈርሙታል። ቀጥሎም ገድለው ከባቡር የወደቀ ያስመስላሉ፤ ምክንያቱም በባቡር ላይ የሚደርስ ሞት እጥፍ ካሳ ያስከፍላል። ተንኮሉን ለማወቅ የሚጥረው የኩባንያው የካሳ መርማሪ ባርተን ኪዝ (ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን) ደግሞ የገዳዩ የቅርብ ወዳጅ ነው።

ደንቡ ወንጀለኛ እንዲቀጣ ያዝዛል። ዋይልደርና ቻንድለር ይህን ግዴታ የተወጡት በመጨረሻው ሳይሆን በመጀመሪያው ትዕይንት ነው። ኔፍ ቆስሎ፣ በሌሊት ወደ መሥሪያ ቤቱ ገብቶ፣ ለኪዝ የኑዛዜ ቃሉን በድምፅ መቅጃ መሣሪያ መናገር ሲጀምር ገንዘቡንም ሴቲቱንም እንዳላገኘ ወዲያው እንረዳለን። የቀረው ታሪክ በምልሰት ይቀርባል። ስለሆነም ልብ ሰቀላው «ምን ይደርስበታል?» ከሚለው ጥያቄ ወጥቶ «እንዴትና ለምን?»፣ ከዚያም በላይ «ይህን ሁሉ የሚናገረው ለምን ለዚህ ሰው ነው?» ወደሚለው ይሸጋገራል። በልብ ወለዱም ተራኪው መጨረሻው እንዳላማረ ቀድሞ ይጠቁማል፤ ዳሩ ግን የምናነበው የተጻፈ ኑዛዜ መሆኑ የሚገለጥልን ወደ ማብቂያው ነው። ፊልሙ አድማጩን ከመነሻው በመሰየሙ ትረካው ሁሉ ለወዳጅ የሚነገር ቃል ሆኗል። ደንቡ ቅጣትን እንጂ ኑዛዜን አላዘዘም፤ ተናዛዡ ለፖሊስ ወይም ለቄስ ሳይሆን ለኪዝ እንዲናገርም አላዘዘም።

ሁለተኛው ማስረጃ የግድያው ትዕይንት ነው። ፊሊስ መኪና ትነዳለች፤ ባልየው አጠገቧ ተቀምጧል፤ ኔፍ ከኋላ ተደብቋል። ምልክቱ ሲሰጥ ካሜራው ወደ ሟቹ አይዞርም፤ በፊሊስ ፊት ላይ ይቆማል። ከጎኗ የሚሆነውን በድምፅ ብቻ እንሰማለን፤ እርሷ ግን ፊት ለፊት እያየች ትነዳለች፤ ፊቷ ላይ የእርካታ ጥላ ያልፋል። የግድያውን ዝርዝር ላለማሳየት ቀላል መንገድ ነበረ፤ ትዕይንቱን ቆርጦ ወደ ባቡር ጣቢያው መሻገር ይበቃል። ይህን መንገድ የያዙ የዘመኑ ፊልሞች ጥቂት አይደሉም። ደንቡ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ የተለያየ ከሆነ ልዩነቱን የፈጠረው ደንቡ ሊሆን አይችልም። እዚህ ላይ የተመረጠው ፊት የገጸ ባሕርይዋን ማንነት ከማንኛውም የደም ትዕይንት የበለጠ ይናገራል። ሬሳውን በሐዲዱ ላይ ጥለው ሲመለሱ መኪናው አልነሳም ሲላቸው ደግሞ ተመልካቹ ሳያስበው ለገዳዮቹ ይጨነቃል። ወንጀለኛን ከሚያወግዝ ደንብ ሥር ሆኖ ተመልካቹን የወንጀሉ ተባባሪ ማድረግ የደራሲዎቹ ድፍረት ነው።

ሦስተኛው የምልልሱ ጉዳይ ሲሆን የሥነ ጽሑፍ ተማሪን ይበልጥ የሚመለከተውም እርሱ ነው። ዋይልደር የኬንን ምልልስ እንዳለ ሊወስድ ፈልጎ ነበር። ቻንድለር ግን ለዓይን የተጻፈ ስለሆነ ለጆሮ አይሆንም አለ፤ ተዋንያን ተጠርተው ጮክ ብለው ሲያነቡት የቻንድለር ግምት ትክክል ሆኖ ተገኘ። በገጽ ላይ ሕያው የሚመስል ንግግር በአንደበት ሲወጣ ሊሞት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። በተተካው ምልልስ ኔፍና ፊሊስ በመጀመሪያ ሲገናኙ ስለ መኪና ፍጥነትና ፈጣን ነጂን ስለሚያስቆም ፖሊስ ይነጋገራሉ። ላይ ላዩ የትራፊክ ወሬ፣ ውስጡ የምኞትና የእምቢታ ግብግብ ነው።

የአገራችን አንባቢ ይህን ሲያይ ሰምና ወርቅን ማስታወሱ አይቀርም። ንጽጽሩ ግን ለተነሳንበት አባባል ድጋፍ አይሆነውም። ባለቅኔው ወርቁን በሰሙ የሚሸፍነው ግልጹን ቃል የሚከለክል ቢሮ ስላለበት ብቻ አይደለም፤ ለፈጣሪው ምስጋና ሲያቀርብም ሰምና ወርቅ ይጠቀማል። ድርብ ትርጉም የሙያ ፍሬ እንጂ የፍርሃት ልጅ አይደለም። ፍርሃት ምን እንደሚወልድ ለማወቅ የሚሻ የበዓሉ ግርማን ዕጣ ያስብ። በእኛ አቆጣጠር በ1975 «ኦሮማይ» ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ደራሲው በ1976 እንደወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሊጽፋቸው ይችል የነበሩትን መጻሕፍት ማንም የጥቆማ ጥበብ ብሎ ሊቆጥራቸው አይችልም።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ዋይልደር ኔፍ በመርዝ ጋዝ ክፍል ሲገደል የሚያሳይ መጨረሻ ብዙ ወጪ አውጥቶ ቀርጾ ነበር፤ ሆኖም ከፊልሙ አወጣው። የብሪን ቢሮ የግድያ ቅጣቱ ዝርዝር እጅግ ዘግናኝ ነው ማለቱ እውነት ነው። ዋይልደር ኋላ የሰጠው ምክንያት ግን ከዚያ በፊት ያለው የሁለቱ ወዳጆች ትዕይንት ታሪኩን ስለጨረሰው ሌላ አያስፈልግም የሚል ነው። ፊልሙን ያየ ሰው በዚህ ይስማማል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ኪዝ ለሲጋሩ ክብሪት ሲያጣ የሚለኩስለት ኔፍ ነው። በመጨረሻ ኔፍ በሩ ሥር ወድቆ ሲጋራ አፉ ላይ ሲያደርግ ክብሪት የሚጭርለት ኪዝ ይሆናል። ያች ትንሽ ድርጊት ፍርዱንም፣ ሐዘኑንም፣ ፍቅሩንም ትይዛለች። የሕግ ቅጣት ከዚህ በኋላ ቢታይ ትርፍ ነው።

እንግዲህ ሳንሱሩ ያስከፈለው ዋጋ የት ይታያል? ፊልሙ በጥቆማ በተናገራቸው ነገሮች ላይ ሳይሆን ለጥቆማ እንኳ ባልበቁት ላይ ነው። ኔፍ በግድያው ሌሊት ቤቱ እንደነበረ ለማስመስል በሚያደርገው ዝግጅት ውስጥ ቻርሊ የሚባል ጥቁር የጋራዥ ሠራተኛ አለ። የገዳዩ ደኅንነት በከፊል በዚህ ሰው ምስክርነት ላይ የቆመ ነው፤ ሆኖም ጥቂት ቃላት ከተናገረ በኋላ ከታሪኩ ይወጣል። በባቡሩ ውስጥ የሚያገለግሉት ጥቁሮችም ሻንጣ ከመሸከምና መንገድ ከማሳየት ያለፈ ሕይወት የላቸውም። ደንቡ በጥቁርና በነጭ መካከል ያለን ፍቅር በስም ጠርቶ ይከለክል ነበር፤ ከደንቡም በላይ የስቱዲዮዎቹ ልማድና የገበያው ስሌት ለጥቁር ተዋናይ ከአገልጋይነት ያለፈ ቦታ እምብዛም አልሰጠም። ዝሙትና ግድያ በጥቆማ መግቢያ በር አግኝተዋል፤ የቻርሊ ኑሮ ግን በሩን የሚያንኳኳለት አላገኘም።

ከዚህ በመነሳት የሚከተለውን መደምደሚያ ማቅረብ ይቻላል። «ደብል ኢንደምኒቲ» ትልቅ ሥራ የሆነው ክልከላ ስለነበረበት አይደለም፤ ክልከላ በተወለት ጠባብ ቦታ ላይ ደራሲዎቹ የላቀ ምርጫ ስለመረጡ ነው። ክልከላ «ይህን አታሳይ» ከማለት አያልፍም፤ በምትኩ የሴት ፊት፣ የትራፊክ ወሬ ወይም የአንድ ክብሪት ብርሃን እንዲታይ የሚያደርገው የደራሲው አእምሮ ነው። ስለዚህ ሐያሲ የዚያን ዘመን ፊልም ሲያደንቅ ምስጋናውን ለማን እንደሚሰጥ መጠንቀቅ ይገባዋል። የተጠቆመውን እያደነቀ የተሰረዘውን ካልቆጠረ ሂሳቡ ግማሽ ነው።