መሶቡ ለምን ጣሪያ ላይ ወጣ?

የኢንቴሪየር ዲዛይን ተማሪ «ኢትዮጵያዊ» የሆነ ነገር ማሳየት ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ መሶብ ይገለብጥና አምፖል ከቶበት ጣሪያ ላይ ይሰቅለዋል። ዘንድሮ የአንድ ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ሥራቸውን ሲያቀርቡ ተገኝቼ ነበር። ከእኛ ማኅበረሰብ ጋር የተያያዙ አራት ፕሮጀክቶች ቀረቡ፤ ሁለቱ የመኖሪያ ቤት፣ ሁለቱ የንግድ ቦታ። ከአራቱ በሦስቱ የተሰቀለ መሶብ አየሁ። የተማሪዎቹንም የተቋሙንም ስም አልጠራም፤ የማነሳው ሥራውን እንጂ ሰዎቹን አይደለም።

መሶብ መብራት ሆነ ብዬ አልቆጣም። ብርሃኑ ከስፌቱ ቀለም ጋር ሲገናኝ እውነትም ያምራል። ነገር ግን መሶብ ሰው ዙሪያውን የሚከብበት፣ እጅ ከእጅ የሚገናኝበት ዕቃ ነው። ወደ ላይ ወጥቶ ሲሰቀል ከሥሩ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ካልታሰበ የሚቀረው ጌጡ ብቻ ነው። በአራቱ ፕሮጀክቶች ላይ ያለኝ ጥያቄም ከዚህ ይነሳል፤ ዲዛይኑ የወሰደው የዕቃውን መልክ ነው ወይስ ዕቃው የሚሠራውን ሥራ?

ጉዳዩ የዲዛይን ተማሪዎች ብቻ አይደለም። ወላጆቻችን በ1990ዎቹ ከመርከዝ ክሊታና ከካራቫን ወጥተው በመንግሥት ማሽካንታ ቤት ሲገዙ፣ ብዙዎቹ የገቡት በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በተሠሩ ሺኩኖች ውስጥ ነው። እነዚያ ቤቶች ሲነደፉ እነሱን ያሰበ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ ገቡ፣ ልጆች አሳደጉ፣ በጠባቧ ሳሎን ሠርግም ለቅሶም አስተናገዱ። አሁን ደግሞ በየከተማው ፒኑይ ቢኑይ እየተባለ አሮጌው ሕንጻ ፈርሶ አዲስ ይሠራል። አዲሱን ፕላን ከሚስሉት መካከል አንዳንዶቻችሁ ትኖራላችሁ። ስለዚህ ዛሬ በወረቀት ላይ የሚሠራ ስህተት ነገ የአክስታችሁ ኩሽና ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ከካፌው ልነሳ። ቦታው ቴል አቪቭ ነው፣ ስፋቱ 80 ካሬ ሜትር። ግድግዳው ላይ ከጥበብ ቀሚስ የተወሰደ ጥለት ተስሏል፤ ቀለሙ የተመረጠው በጥንቃቄ ነው። በመንገዱ በኩል፣ ከመስተዋቱ ጀርባ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መድረክ አለ። እዚያ ላይ ረከቦት ተዘርግቶ አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ታፈላለች። ደንበኞቹ ግን የሚቀመጡት 75 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ረጅም የባር ወንበር ላይ ነው።

እስቲ እንደምር። በርጩማው 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ መድረኩ ተጨምሮበት እንኳ የሴትየዋ ዓይን ከደንበኛው ዓይን 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ደንበኛው ቁልቁል ያያታል፤ በመንገድ የሚያልፈውም ቆሞ ቁልቁል ያያታል። ቤት ውስጥ ቡና የምታፈላው ዝቅ ብላ ነው የምትቀመጠው፤ እውነት ነው። ግን ሌላውም ሰው ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው! ጨዋታው ዓይን ለዓይን ነው። ተማሪው ረከቦቱንም፣ ሲኒውንም፣ ቄጤማውንም አምጥቷል፤ ያላመጣው የተቀማጮቹን እኩልነት ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። የደንበኞቹን መቀመጫ ማሳጠር ወይም ቡና የምታፈላውን ሴት በእነሱ ልክ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

ሌላም አለ። ቡና በመስተዋት በተከለለ ቦታ ሲቆላ፣ እጣኑም ሲጨመርበት፣ ጭሱ በየት ይወጣል? በፕላኑ ላይ ጭስ መሳቢያ አልተሳለም። ቤት ውስጥ መስኮት ይከፈታል፣ ሥራውም በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። እዚህ ግን ሴትየዋ ሙሉ ፈረቃዋን እዚያ ትውላለች። የእሷስ ሳንባ የማን ኃላፊነት ነው? «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ይባላል። ይህ ካፌ ለውጭ ሰው አልጋ ነው፤ ውስጡ ለምትሠራው ሴት ግን ቀጋ ነው።

ሁለተኛው ፕሮጀክት በደቡብ ከተማ ያለ፣ 62 ካሬ ሜትር የሆነ የሺኩን ቤት እድሳት ነው። ተማሪዋ በኩሽናና በሳሎን መካከል ያለውን ግድግዳ አፍርሳ፣ በምትኩ እዚህ አገር «ኢ» ማለትም «ደሴት» የሚሉትን ጠረጴዛ አቁማለች። ምክንያቷ ብርሃንና አየር ነው። ትክክል ናት፤ የሺኩን ኩሽና ጨለማ ነው።

የጠባብ ኩሽና ሐሳብ ራሱ ታሪክ አለው። በ1926 ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ በፍራንክፈርት ለሚሠሩ የመኖሪያ ሕንጻዎች አንድ ኩሽና ነደፈች፤ ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር አካባቢ። የሴትየዋ እርምጃና ድካም እንዲቀንስ እንቅስቃሴዋን አስልታ ነው የሠራችው፤ ወደ 10,000 ቤቶች ውስጥም ገባ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ወስኗል፤ ኩሽና ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ነው የምትሠራው። የእኛ ቤት በበዓል ዋዜማ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሦስት አራት ሴቶች፤ አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አንዷ ታቁላላለች፣ አንዷ ምጣድ ላይ ናት። ስለዚህ ግድግዳው ይፍረስ ከተባለ ጥሩው ምክንያት ይሄ ነበር። ተማሪዋ ግን አላነሳችውም።

ምጣዱንም ረስታዋለች። የጠረጴዛው ጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ይሞላዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ እስከ 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል። ይህ በ230 ቮልት 15 አምፔር ገደማ ነው፤ ማለትም አንድን ተራ ሶኬት እስከ ጥጉ መጫን ነው። የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት እየነደፍክ ምጣዱን ካልሳልከው፣ ምጣዱ መጨረሻው በረንዳ ላይ፣ በማራዘሚያ ገመድ ነው።

ስለ ግድግዳው ግን ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ጓዳ የሚባለው ነገር ኩሽና ብቻ አይደለም። እንግዳ ማየት የሌለበትን የሚደብቅ ነው፤ «የጓዳ ገመና» የምንለው ለዚያ ነው። ያልታጠበ ድስትም፣ ያልሞላ ጆንያም እዚያ ይቀራል። ግድግዳው ሲፈርስ የባለቤቲቱም ክብር አብሮ ይጋለጣል ብዬ ተናገርኩ። አንዲት ሌላ ተማሪ ወዲያው መለሰችልኝ፦ «እናቴ እኮ እንግዳ ሲመጣ ጨዋታውን ከግድግዳ ጀርባ ነበር የምትሰማው።»

ይህ መልስ ቀላል አይደለም። ግድግዳው ገመናን ሸፍኗል፤ እናትንም ሸፍኗል። ታዲያ ከፈረሰ በኋላ እናትየዋ የት ነው የምትቀመጠው? ፕላኑን እንደገና አየሁት። በ«ደሴቱ» ዙሪያ አራት ረጃጅም ወንበሮች አሉ፤ ሁሉም ፊታቸው ወደ ኩሽናው ነው። ከማዶ የቆመችው አንዲት ሴት ናት። ድሮ ከግድግዳ ጀርባ ትሠራ ነበር፤ አሁን ተመልካች ፊት ትሠራለች። ለእሷ የተሳለ ወንበር የለም። የእኔ አስተያየት ግድግዳው ተንሸራታች በር ይሁን፣ ኩሽናው ውስጥም ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ዝቅተኛ ቦታ ይኑር የሚል ነው። መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የምትወስነው የቤቱ ባለቤት ትሁን።

ይኸው ፕሮጀክት ጎጆን ለማስታወስ ብሎ የሳሎኑን ጣሪያ በጂፕስ ክብ አድርጎታል፤ መሶቡም ከመሀሉ ተንጠልጥሏል። ነገር ግን ወላጆቻችን በጎንደር መንደሮች ይኖሩበት ከነበረው ቤት እዚህ ሊጠቅመን የሚችለው ክቡ ጣሪያ አይደለም፤ መደብ ነው። መደብ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ከጭቃና ከድንጋይ የሚሠራ መቀመጫ ነው፤ ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ያነጥፉበትና ይተኙበታል። ተማሪዋ ሳሎኑ ውስጥ ያስገባችው ሦስት ሰው የሚይዝ ሶፋና ሁለት የክንድ ወንበሮች ነው፤ አምስት ሰው ማለት ነው። ለቅሶ ሲሆንስ? የጎረቤት የፕላስቲክ ወንበር እስከ ደረጃው ድረስ ይደረደራል። በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ፣ በ4 ሜትሩና በ3 ሜትሩ፣ ከእንጨት መደብ ቢሠራ 7 ሜትር ይሆናል። ለአንድ ሰው 55 ሴንቲ ሜትር ብንሰጥ 12 ሰው ይቀመጥበታል። ሌሊት ሦስት እንግዳ ያድርበታል። ከሥሩ ደግሞ ብርድ ልብሱና የበዓል ዕቃው ይገባል። ጎጆው ወደ ሺኩን የሚገባው እንዲህ ሲሆን ይመስለኛል።

ሦስተኛው ፕሮጀክት አሽቀሎን ውስጥ በአዲስ ሕንጻ ላይ ያለ ቤት ነው፤ ቤተሰቡ ከአያታቸው ጋር ይኖራል። ከ1992 ደንብ ወዲህ አዲስ ቤት ሁሉ ማማድ እንዲኖረው ይገደዳል፤ የተጣራው ስፋት ከ9 ካሬ ሜትር ማነስ የለበትም። ብዙ ተማሪዎች ይህን ክፍል «የሥራ ክፍል» ወይም ዕቃ ቤት ብለው ያልፉታል። ይህች ተማሪ ግን የአያቱን አልጋ እዚያ አስገባች። ምክንያቷን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ እሳቸው መሮጥ አይችሉም፣ ስለዚህ ሌላው ወደ እሳቸው ይሩጥ። ከጥቅምት 2023 በኋላ አሽቀሎን ለኖረ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከበሩ እስከ አልጋው ያለውን መንገድ 90 ሴንቲ ሜትር ክፍት ትታለች፤ ቤተሰቡ ሁሉ ሲገባ የሚቀመጥበትን ቦታ ቆጥራለች፤ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ፣ ለጸሎት የሚቆሙበትን ግድግዳ ባዶ አድርጋለች። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው።

ሁለት ነገር ግን ቀርቶታል። አንደኛ፣ የብረቱ መስኮት ሲዘጋ ብርሃን አይገባም። አዛውንቱ ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውሉ ከሆነ በሳሎኑም ውስጥ በብርሃን በኩል የራሳቸው መቀመጫ ሊኖራቸው ይገባ ነበር፤ አለበለዚያ ከአደጋ ያዳንናቸው መስሎን ከቤተሰቡ ለይተናቸዋል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛው መሶብ የተሰቀለው እዚህ ነው። የማማድ ግድግዳና ጣሪያ እንደ ሌላው ክፍል እንደልብ አይበሳም፤ አያት ራስ ላይ የሚንጠለጠል ዕቃ ደግሞ ፍንዳታ ሲያናውጠው ምን እንደሚሆን ማሰብ ቀላል ነው።

አራተኛው መሶብ የለውም። ኔታንያ ውስጥ ያለ፣ 28 ካሬ ሜትር የሆነ የሹሩባ ቤት ነው። ሹሩባ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። የተለመደው የጸጉር ቤት ወንበር ግን ለቁረጣ የተሠራ ነው፤ ደንበኛዋ ከፍ ብላ ትቀመጣለች፣ ሠሪዋ ቆማ፣ እጇን አንስታ ትውላለች። እቤታችን እንዴት ነበር? ልጅቷ መሬት ላይ፣ እናት በርጩማ ላይ፣ ጭንቅላት በጉልበት መሀል። ተማሪዋ የሦስት ሹሩባ ሠሪዎችን የክንድ ከፍታ ለካች፤ ከዚያም ለደንበኛዋ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሰፊ መቀመጫ፣ ለሠሪዋ ከኋላዋ ከፍ የሚልና ዝቅ የሚል ባለድጋፍ ወንበር ሠራች። የሚጠብቁ ልጆች የሚቀመጡበት አለ፤ የተሠራው ጸጉር ጫፍ የሚነከርበት የፈላ ውሃም ከልጆች እጅ ርቆ ተቀምጧል። እዚህ ከባህል የተወሰደው ነገር በፎቶ አይታይም፤ ማታ ላይ በሠሪዋ ወገብ ነው የሚታወቀው። ጉድለቱ አንድ ነው፤ የመንገዱ በኩል ከላይ እስከ ታች መስተዋት ነው። ጸጉሯን የምትሸፍን ያገባች ሴት እዚያ ሻሿን አትፈታም። ከኋላ አንድ የተከለለ ቦታ ቢኖር ደንበኛው ይበዛ ነበር።

በመጨረሻ ስለ ገምጋሚዎቹ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሙገሳ ያገኘው ካፌው ነው። «ያፌ» ተባለ፣ «መራጌሽ» ተባለ፤ ጭሱ በየት ይወጣል ብሎ ግን የጠየቀ አልነበረም። በሌሎቹ ተማሪዎች ላይ ስለ አየር ማስወጫ፣ ስለ ሶኬት፣ ስለ ወንበር ቁመት አንድ በአንድ ሲጠይቁ ነበር። እኛ ባህል ይዘን ስንመጣ ጥያቄው ይቆማል። አክብሮት ይመስላል እንጂ ሥራውን እንደ ሥራ አለመቁጠር ነው። እንዲህ ያለ ሙገሳ ስታገኙ «ስለ አየር ማስወጫውስ?» ብላችሁ እናንተው ጠይቁ።

ፕሮጀክት ለምትጀምሩም አንድ የሥራ ምክር አለኝ። ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ዓርብ ጠዋት፣ ለሰንበት ሲሠራ፣ ሜትር ይዛችሁ እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ኩሽና ግቡ። ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ። እጃቸው በየትኛው ከፍታ እንደሚሠራ ለኩ። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ደከመኝ ያለችው የት እንደምትቀመጥ ጻፉ። ከዚያ በኋላም መሶብ መስቀል ካማራችሁ ስቀሉት፤ ብቻ ምሳ ሲደርስ የሚወርድ ይሁን።