የጠንሳሿ እጅ

ጠላ ጠማቂን ባለሙያ ነሽ የሚያሰኛት ጌሾና ብቅል ማመጣጠኗ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ጋኑን እንዴት እንደምታሰናዳ ማየት ያስፈልጋል። በመካነ ኢየሱስ ከተማም ሆነ በእስቴ ገጠር ሙያ ያላት ሴት ባልታጠነ ጋን አትጠነስስም። ውስጡን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ ታጥበዋለች፣ ደጋግማ ታለቀልቀዋለች፣ ከዚያ አፉን በሚጨስ ወይራ ላይ ትደፋዋለች። ጭሱ ለጠላው መዓዛ ይሰጣል፤ ትልቁ ሥራው ግን የሚያበላሹትን ተህዋስያን ማዳከም ነው። ቀጥሎ የሚገባው ጌሾም በምሬቱ ብዙዎቹን ሲገታ እርሾውን ግን አያሸንፈውም። ማን ወጥቶ ማን እንደሚገባ ጠንሳሿ ታውቃለች፤ ማይክሮስኮፕ አላስፈለጋትም።

የዓሣ ተመራማሪዎች ፕሮባዮቲክ የሚሉት ይህንኑ ሥራ በዓሣ አንጀት ውስጥ የሚሠሩ ሕያዋን ተህዋስያንን ነው። ኩሬ ላይ አንቲባዮቲክ መበተን ጠቃሚውን ከጎጂው ጋር ይጨርሳል፤ መድኃኒት የተለማመደ ጀርምም ያፈራል። ስለዚህ ባሲለስና ላክቶባሲለስ የተባሉ ባክቴሪያዎችን፣ እርሾንም፣ በመኖ መስጠት ተጀመረ። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ የጃፓን ጥናት የባሲለስ ስፖር (ችግር የሚቋቋም የእንቅልፍ ቅርጹ) በመኖ የተሰጠው ዓሣ እድገቱ መሻሻሉን ዘግቦ ነበር። ፕሪባዮቲክ ደግሞ ለእነዚህ ተህዋስያን ስንቅ የሚሆን፣ ዓሣው ራሱ የማይፈጨው የምግብ ክፍል ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ የመኖው አዘገጃጀት ቅደም ተከተል ነው። ፕሪባዮቲኩ ሕይወት ስለሌለው ሙቀት አይፈራም፤ ከኑግ ፋጉሎና ከፉርሽካ ጋር ተቦክቶ በስጋ መፍጫ ቢወጣ፣ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ምንም አይሆንም። ሕያው ባክቴሪያ ግን የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ መኖው ደርቆ ከበረደ በኋላ ነው። ክሎሪን በሌለው ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ አንዱ እጅ በስሱ ሲረጭ ሌላው መኖውን ያገላብጣል። ውሃው ከበዛ መኖው ይፈርሳል፣ ካነሰ ግማሹ ሳይነካ ይቀራል። ከዚያ ጥላ ላይ ይደርቅና ኩሬ ውስጥ ቶሎ እንዳይታጠብ ዘይት በስሱ ይቀባል። በአንዲት ግራም መኖ ላይ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ሕያዋን ይታሰባሉ። ቆሮሶ የሚባለው የጣና ዓሣ ጨጓራው እጅግ አሲዳም ነው፤ ያን አልፎ የሚደርስ ዘር መምረጥ ግድ ይላል። ባሲለስ በስፖርነቱ ያልፋል። ካርፕ ደግሞ ጨርሶ ጨጓራ የለውም፤ ብርድም ይችላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው መካነ ኢየሱስ ኩሬ ቢቆፈር፣ ሙቀት ከሚወደው ቆሮሶ ይልቅ ካርፑን እመርጣለሁ።

ጠላው ከተጠለለ በኋላ ጋኑ ሥር የሚቀረው አተላ የገብስ ገለባና የእርሾ ክምችት ነው። የእርሾ ሕዋስ ግድግዳ ቤታ ግሉካንና ማናን ይዟል፤ ፋብሪካዎች አጣርተው፣ አሽገው ለዓሣ አርቢ በፕሪባዮቲክነት የሚሸጡት እነዚህኑ ነው። እርጥቡን አተላ ኩሬ ውስጥ መድፋት ግን ጥፋት ነው፤ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርስና ዓሣው ይታፈናል። ተጨምቆ፣ በስሱ ተሰጥቶ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ነው ከመኖው ጋር በልክ መቦካት ያለበት። ልኩ በትንሽ ኩሬ፣ በጥቂት ዓሣ ተሞክሮ ይያዝ።

እስቴ ላይ ለዓሣ አርቢዎች ሥልጠና ቢሰጥ፣ ከአሠልጣኙ ጎን አንዲት ጠላ ጠማቂ ብትቀመጥ ደስ ይለኛል። እርሱ የባክቴሪያውን ዘርና መጠን ያስረዳ፤ እርሷ ደግሞ የተበጠበጠው ተበላሽቶ እንደሆነ ከጠረኑ ለይታ ትንገራቸው፣ ዕቃውን እንዴት ማጠብ እንዳለባቸውም በእጇ ታሳያቸው።